ማዶ የተወረወረው ገል

ተረት ተረት!

የላም በረት!

ኧረ ድምፃችሁ የት ሄደ? ራት አልበላችሁም እንዴ? ተረት ተረት!

የላም በረት!

እሰይ! እንዲህ ነው እንጂ።

በድሮ ዘመን፣ ሁለት አገር የሚለይ አንድ ጅረት ነበር። ወዲህ ያሉት ሰዎች ዓመቱ ሊያልቅ ሲል የተሰበረ ማሰሮና ጋን ይሰበስቡና «ጠንቃችን ይሻገር!» እያሉ ገሉን ማዶ ይወረውሩ ነበር። አይ ሞኝነት! የራስን ጠንቅ ለጎረቤት!

ማዶ ደግሞ ዘሃራ የምትባል አሮጊት ነበረች። ልጇ በወሊድ ሞታባት፣ የልጅ ልጇን በአንዲት ላም ወተት ታሳድግ ነበር። አንድ ቀን ላሚቱ ውሃ ልትጠጣ ወረደችና ገሉ እግሯን ቀደደው። ቁስሉም አመረቀዘና ወተቷ ነጠፈ። ሕፃኑ በረሃብ አለቀሰ፣ አለቀሰና ድምፁ ሰለለ።

ከዚያም ዘሃራ ገሉን በቅርጫት ለቀመችና ሕፃኑን አዝላ ተሻገረች። መጀመሪያ ያገኘችው የአንዲት ሸክላ ሠሪ፣ የአንጓች ቤት ነበር። ቅርጫቱን ደጃፏ ላይ ዘረገፈችና፦

፦ እንኩ ገላችሁን! ይህ ልጅ ምን በደላችሁ? አለች።

የመንደሩ ሰው ዱላ ይዞ ወጣ።

፦ ጠንቃችንን መለሰችብን! አባርሯት!

አንጓች ግን በሩ ላይ ቆመች። ሕፃኑን አየችና ዱላቸውን ገፋ አደረገች።

፦ ወዲያ! ምን ጠንቅ አለ? ጠንቁስ እኛው ነን። ይግቡ እናቴ፣ ይግቡ።

ከዚያም ፍየሏን አለበችና ለሕፃኑ ወተት ሰጠችው። ዘሃራ ቀና ስትል ግድግዳው ሥር የተከመሩ ማሰሮዎች አየች። ሁሉም የተሰነጠቁ!

፦ ልጄ፣ ይህ ምንድን ነው?

፦ እሳት ውስጥ ስከታቸው ይፈነዱብኛል እናቴ። ጦሜን ላድር ነው።

፦ ገል አትቀላቅይበትም? እኛ አገር ገል አይጣልም። ይወቀጥና ከጭቃው ጋር ይለወሳል።

፦ በሞትኩት! ዓመት ዓመት ማዶ ስንወረውረው!

ሁለቱም ሳቁ። ያንኑ ገል ወቀጡና ነፉ፣ ጭቃውን ለወሱና ሠሩ። ማሰሮዎቹ ከእሳት ደኅና ወጡ። የመንደሩ ሰው አየና አፈረ። ከዚያም ላሚቱ እስክትድን ድረስ በየተራ ወተት አሻገሩ። የማዶ ሰዎችም ወርደው በጅረቱ ዳር የቀረውን ገል አብረው ለቀሙ፣ ለአንጓችም ለማዶ ሸክላ ሠሪዎችም እኩል አካፈሉ።

ልጁ ድክ ድክ ማለት የጀመረው እዚያው ጅረቱ ዳር ነው፣ በባዶ እግሩ። ዘሃራ እግሩን አገላብጣ አየች። ጭረት እንኳ የለበትም። ያን ጊዜ ወደ አንጓች ዞራ፦

፦ ልጄ፣ ይህን ልጅ ዳግመኛ ወለድሽልኝ! ብላ አለቀሰች።

በሉ እንግዲህ፣ ተረቱ ለጆሯችሁ፣ ትኩሱ ቂጣ ለአፌ!