የቮልሷ ፓራፋንጎ

እስቲ ወንበራችሁን ጠጋ ጠጋ አድርጉ። በር ላይ የቆማችሁም ግቡ፣ መግቢያ አላስከፍልም። የምነግራችሁ አጭር ነው፤ ከረዘመ ጥፋቱ የኔ ሳይሆን የመኪናዋ ነው።

ጎረቤቴ እማዋይሽ ጥያቄ ይዛ መጣች። ሁለት ልጆቿን ይዛ፣ አንዲት ልጅ ያለችውን ሰው አግብታለች። ገና ከገባችበት ቀን ጀምራ ቤቱን ሥርዓት አስያዘች። የባልዬው ልጅ ግን አሻፈረኝ አለች፤ እሁድ አክስቷ ጋ ልትገባ ልብሷን ሸክፋ ተቀምጣለች። እማዋይሽ ዓይኗ ቀልቷል። «ጋሼ፣ ሥርዓት ማስያዜ ጥፋት ነው? ወይስ ትሂድ ልተዋት?» አለችኝ። እኔም ይቺን ነገርኳት።

አንድ ሰው ነበረ። አባቱ ዕድሜውን ሙሉ የነዳት አሮጌ ቮልስ ነበረችው። ግቢ ውስጥ ቆማ ዶሮ እንቁላል ትጥልባት ነበር። አባትየው ደግሞ ዓይኑ እየደከመ ሄደ። «ጨርሶ ሳይጨልምብኝ አንዴ ተቀምጬባት መንገድ ባይ» አለ። ልጅየው ይሄን ሰምቶ ቆረጠ። ቮልሷን ብሎን በብሎን ፈታት። ዝገቷን ፋቀ፣ የተበላውን አስበየደ፣ ሰማያዊ ቀለም ቀባት። ጎረቤቱ «ዶሮዎቹን የት ልታደርሳቸው ነው?» እያለ ይስቅበታል። እሱ መፋቁን አይተውም።

መግጠም ላይ ደረሰ። የቮልስ ፓራፋንጎ፣ ያ ጎማውን ከላይ የሚሸፍነው፣ ለብቻው ነው የሚወጣው፤ ከቦዲው ጋር የሚያያዘው ዳር ዳሩን በተደረደሩ ብሎኖች ነው። ሰውየው የመጀመሪያዋን ብሎን አስገባና በረጅም ቁልፍ ጥርቅም አድርጎ አጠበቃት። ቀጥሎ ያለችውንም እንደዚያው። ሥራ ማለት ይሄ ነው ብሎ ደስ አለው። ወደ መጨረሻው ሲጠጋ ቀዳዳና ቀዳዳው አልገናኝ አለ። ገፋው፣ እምቢ። በጉልበቱ ደገፈው፣ እምቢ። መዶሻ አነሳ። ያ ሁሉ የተለፋበት ቀለም ተላጠ፣ የብሎኗም ጥርስ ተበላ።

አባትየው አጠገቡ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ድምፁን ይሰማል።

«ማንን ነው የምትደበድበው?» አለው።

«የመጨረሻዋን። አልገባም አለች።»

«እሷ ምን አጠፋች? መግቢያ የከለከለቻት የመጀመሪያዋ ናት። እሷን አላላት።»

«አባዬ፣ እሷማ በደንብ የገባች ናት እኮ።»

«አዎ፣ ለብቻዋ ገብታለች።»

ሰውየው ቁልፉን ጥሎ ቁጭ አለ። ላቡን ያፈሰሰባትን ብሎን መልሶ ማላላት ሽንፈት መሰለው። ቆይቶ ቀና ሲል፣ አባቱ መዳፉን ዓይኑ ፊት ወሰድ መለስ እያደረገ ምን ያህል እንደሚያይ ይሞክራል። ሰውየው ተነሳ። ያጠበቀውን ሁሉ አንድ በአንድ አላላ። ፓራፋንጎው እንደ ሰካራም ኮፍያ ወደ ጎን ዘመም አለ፤ ሲያዩት ያስጠላል። ቻለው። የተበላችውን ብሎን በሌላ ቀየረና ሁሉንም በጣቱ ብቻ አስያዘ፣ የመጨረሻዋንም ጭምር። ከዚያ ይቺንም ትንሽ፣ ያቺንም ትንሽ፣ እየተመላለሰ አጠበቀ። ፓራፋንጎው ቀስ እያለ ቦታውን ያዘ። የተላጠውን መልሶ ቀባ፣ አባቱንም ከጎኑ አስቀምጦ መንገድ ወጣ።

ይሄን ጨርሼ ወደ እሷ ዞርኩ።

«እማዋይሽ፣ ቮልሷ ቤትሽ ናት። ሥርዓት ጥፋት አይደለም፤ ያልጠበቀ ብሎን መንገድ ላይ ይረግፋል። አንቺ ግን ልጆችሽ የት እንደሚተኙ፣ ራት መቼ እንደሚቀርብ፣ ቴሌቪዥኑ ስንት ሰዓት እንደሚዘጋ፣ ሁሉን በድሮው ቤትሽ ልማድ አጥብቀሽ ጨረስሽ። ከዚያ ያቺን ልጅ በተረፈው ቀዳዳ ግቢ አልሻት። አልገባም ስትል መዶሻ አነሳሽ። ልጅቷ ጠማማ አይደለችም፤ ሳትጠየቅ ነው ቦታዋ ያለቀው። ያጠበቅሽውን በገዛ እጅሽ ነው ማላላት ያለብሽ። ማላላት መጣል አይደለም። ሦስቱንም አንድ ላይ አስቀምጪያቸው፣ ሁሉም ቦታ ቦታውን በጣት ይያዝ፤ ከዚያ ዙሪያውን ትንሽ በትንሽ ታጠብቂያለሽ። ቤቱ ለጊዜው ዘመም ይላል፣ ያስጠላሻል፣ ቻዪው። እሁድን አትጠብቂ፣ ዛሬውኑ ጀምሪ።»

እማዋይሽ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሳችና በሩ ጋ ስትደርስ ዞር አለች።

«እሺ፣ ዛሬውኑ እጀምራለሁ» አለች። «ግን ልንገርዎት ጋሼ፤ ሰውየው ብሎን ሲያላላ መኪናዋ አልሰደበችውም።»