እጁን የረሳው አናጢ

አንድ አናጢ ነበረ። ስልሳ ዓመት ያለፈው፣ ግን አሁንም በርና አልጋ የሚሠራ ሰው። አንድ ቀን ጠዋት እንጨት እየላገ ሳለ ቀኝ እጁ ከመላጊያው ላይ ተንሸራቶ ወደቀ። ሊያነሣው ቢሞክር እምቢ አለው። ሐኪሞቹ ስትሮክ ነው፣ አንጎልህ ተጎድቷል አሉት።

ከሆስፒታል ሲወጣ ቤቱ በጠያቂ ሞላ። መቼም እኛ የታመመ ሰው ስናይ እጃችን ወደ ትሪው ነው የሚሄደው። ጎረቤት ያጎርሰዋል፣ ልጆቹ ያጎርሱታል፣ ባለቤቱ እታፈራሁማ ሌላ ሥራ የላትም። ታዲያ ይህን ክፋት ነው የሚል ማን ነው?

አንድ ቀን እጁን የምታለማምድለት የሆስፒታሉ ባለሙያ መጣችና ማን እንደሚያበላው ጠየቀች። እታፈራሁ ኮራ ብላ እኔ አለሁለት አለች። ባለሙያዋ ደነገጠች።

«እትዬ፣ አንጎል እስከ እርጅና ድረስ ይማራል» አለቻት። «የተጎዳው ክፍል ያዝዘው የነበረውን እጅ ሌላው ክፍል ማዘዝ ሊለምድ ይችላል። ካልተጠየቀ ግን እጅ እንዳላቸውም ይረሳል። ደህናውን ግራ እጃቸውን በነጠላ ይሰሩላቸው፣ ምግቡን ፊታቸው ያድርጉ። ማንም እንዳያጎርሳቸው።»

ግራ እጁ ታሰረ። ምሳ ቀረበ። ቀኝ እጁ ትሪው ጠርዝ ላይ እንደተኛ ቀረ። ላብ አጠመቀው። ቀና ብሎ አያትና «እታፈራሁ፣ ራበኝ እኮ» አላት።

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?

ፈታችው፤ አጎረሰችው። በማግስቱም አንጀቷ አልቻለም። እንዲህ እንዲህ እያለ ወራት አለፉ። በኋላ ፍርሃት ያዛት። እኔ ብሞት ማን አለው ብላ ቆርጣ ተነሣች፤ ግራ እጁን አሰረች፣ ምግቡን አቀረበች፣ እንዳታየው ወደ ጓዳ ገባች። ስትመለስ ምግቡ አልተነካም። ቀኝ እጁን ዞር ብሎ እንኳ አላየውም። አፉን ከፍቶ ይጠብቃታል።

አንጎሉ መማር አቃተው አትበሉ። ተምሯል። ያስተማሩትን ነው የተማረው። አፍ መክፈት ተማረ።

እኔን የሚያስፈራኝ ይህ ነው፣ ወገኖቼ። «አርጅቻለሁ፣ ከእንግዲህ አልለወጥም» የምትሉኝ አላችሁ። ማን ነገራችሁ? እየተለወጣችሁ እኮ ነው! እዚህ ተቀምጣችሁ እየተለወጣችሁ ነው። እናታችሁ ትጾምላችኋለች፣ የንስሐ አባታችሁ ይጸልዩላችኋል፣ እናንተ አሜን ማለት ብቻ ለመዳችሁ። ለመሆኑ ብቻችሁን ሆናችሁ እግዚአብሔርን ካነጋገራችሁት ስንት ጊዜ ሆነ? ዛሬ ብትሞክሩ ቃሉ ይመጣላችኋል?

ሁልጊዜ ስብከቱ ሲያልቅ እኔ እጸልይላችኋለሁ። ዛሬ ግን ፈራሁላችሁ፤ አልጸልይም። ዝም ብዬ እቆማለሁ። እናንተ ጀምሩ።