ጉዮ የያዘው ገመድ

የተፈለገችው አንዲት ጉንጭ ወተት ነበረች። ከዚያ የበለጠ ነገር አልተፈለገም።

ጃተኒ የሚባል ወጣት አባት ነበር። ሚስቱ ታልሶ ወልዳ ሞተች፤ ልጁ ቦሩ ቀረ። ቦሩ የሚኖረው በአክስቱ በዳኪ ፍየል ወተት ነበር። ዳኪ ደግሞ ቤቷ ከገመዱ ወዲያ ነው። በየማለዳው ወተቱ በገመዱ ሥር ያልፋል። ደንቡ ዕቃ ያልፋል፣ ሰው አያልፍም ይላል።

ገመዱ የተዘረጋው በድርቁ ዓመት ነው። ከሩቅ የመጣ መንጋ ከወዲያ ያለውን ጉድጓድ እስከ ጭቃው ጠጣው፤ የወዲያው መንደር ከብት አለቀ። ከዚያ በኋላ የወዲያው ሰው ወዲያ፣ የወዲሁ ወዲህ ተባለ። ገመዱ ከወገብ አይበልጥም፤ ዘሎ ማለፍ ይቻላል። ዘሎ ካለፈ ሰው እጅ ግን ባልዲ የሚቀበል የለም።

አንድ ጠዋት ዳኪ ባዶ ቅል ይዛ መጣች።

“ፍየሏ ነጠፈችብኝ፣ ጃተኒ” አለች። ቅሉን ገልብጣ አሳየችውና ወደ ፍየሏ ተመለሰች።

ቦሩ በአባቱ ጀርባ ላይ ያለቅሳል። ጃተኒ መሻገር ባይችልም መጣራት ይችላል፤ ድምፅን የሚያግድ ገመድ የለም። “አንቺ ፍየል፣ ለቦሩ ወተት ስጪ!” አለ።

“አልሰጥም” አለች ፍየሏ። “ውሃ ሳልጠጣ ወተት ከየት ላምጣ? ከቀንዴ?”

ፍየሏ ወተት አትሰጥም፣ ቦሩም አይተኛም።

“አንተ ገንዳ፣ ፍየሏን አጠጣ!”

“አላጠጣም” አለ ገንዳው። “ባልዲ ከመጣልኝ ቆየ። ትናንት አንዲት ወፍ መጥታ ነበር፤ እሷም ሰድባኝ ሄደች።”

ገንዳው ፍየሏን አያጠጣም፣ ፍየሏ ወተት አትሰጥም፣ ቦሩም አይተኛም።

“አንተ ባልዲ፣ ገንዳውን ሙላ!”

“አልሞላም” አለ ባልዲው ከጉድጓዱ ውስጥ። “እግር አለኝ እንዴ? እኔ የምሄደው በሰው እጅ ነው።”

እውነቱን ነው። ጉድጓዱ ጥልቅ ነው። ሰዎች ከታች እስከ ላይ በየእርከኑ ይቆማሉ፤ እየዘፈኑ ባልዲውን ይቀባበላሉ። ዜማው ከተቋረጠ ባልዲው ይወድቃል፤ ሰው ከጎደለም ዜማው ይቋረጣል።

“መሃል ያለው እርከን ባዶ ነው” አለ ባልዲው። “ከታች የሚወረውረኝ አለ፤ የሚቀልበኝ የለም።”

ጃተኒ ያን እርከን ያውቀዋል። ገመዱ ከመዘርጋቱ በፊት እዚያ እርከን ላይ የሚቆመው እሱ ነበር። የወዲያው ጎረምሶች ሊተኩት አልቻሉም፤ ሥራ ፍለጋ ሩቅ አገር ሄደዋል። እዚያም ሌላ ገመድ ሥር ቆመዋል ይባላል።

ባልዲው ገንዳውን አይሞላም፣ ገንዳው ፍየሏን አያጠጣም፣ ፍየሏ ወተት አትሰጥም፣ ቦሩም አይተኛም።

“አንተ ገመድ፣ ውረድና አሳልፈኝ!”

“ብወርድ ደስታዬ ነበር፤ ወገቤን አሞኛል” አለ ገመዱ። “ግን ጉዮ ይዞኛል።”

ገመዱ ጃተኒን አያሳልፍም፣ ባልዲው ገንዳውን አይሞላም፣ ገንዳው ፍየሏን አያጠጣም፣ ፍየሏ ወተት አትሰጥም፣ ቦሩም አይተኛም።

ጉዮ ዘበኛው ነው። የገመዱ አንዱ ጫፍ ከግራር ታስሯል፤ ሌላውን እሱ ራሱ በሁለት እጁ ወጥሮ ይዞታል። ድሮ ከጃተኒ በላይ ያለው እርከን ላይ ይቆም ነበር።

“ጉዮ፣ ገመዱን ልቀቀው።”

“አባ ሊበን ሳያዙኝ? ልታስቆጣቸው ነው?”

“ካስማ ላይ አስረኸው ለምን አታርፍም?”

“ካስማ ምስጥ ይበላዋል። እኔን ግን ካንተ ጭቅጭቅ በቀር የሚበላኝ የለም።”

ጉዮ ገመዱን አይለቅም፣ ገመዱ ጃተኒን አያሳልፍም፣ ባልዲው ገንዳውን አይሞላም፣ ገንዳው ፍየሏን አያጠጣም፣ ፍየሏ ወተት አትሰጥም፣ ቦሩም አይተኛም።

የጉድጓዱ አባት፣ የውሃውና የገመዱ አዛዥ አባ ሊበን፣ ከግራሩ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል።

“አባ፣ ጉዮን ይዘዙልኝ።”

“አላዘውም፣ ልጄ” አሉ ሽማግሌው። ድምፃቸው ክፉ አልነበረም። “በድርቁ ዓመትም የለመነኝ አንድ ሰው ነበር። አዘንኩለት። ከኋላው ግን የመንጋ አቧራ ተነሳ። ካንተ ኋላ ማን እንዳለ በምን አውቃለሁ?”

“ከኋላዬ ያለው ቦሩ ብቻ ነው። እሱንም አዝዬዋለሁ።”

አባ ሊበን ፈገግ ሊሉ ነበር፤ ተዉት። “መጀመሪያ ገንዳው ይሙላ። ለኛ ይብቃን፤ ከዚያ ለሰው እናስባለን።”

አባ ሊበን ጉዮን አያዙም፣ ጉዮ ገመዱን አይለቅም፣ ገመዱ ጃተኒን አያሳልፍም፣ ባልዲው ገንዳውን አይሞላም፣ ገንዳው ፍየሏን አያጠጣም፣ ፍየሏ ወተት አትሰጥም፣ ቦሩም አይተኛም።

“አባ፣” አለ ጃተኒ፣ “እኔ ገንዳው እስኪሞላ እጠብቃለሁ፤ ገንዳው ደግሞ እኔን ይጠብቃል። ማናችን እንጀምር?”

ሽማግሌው ባዶውን ገንዳ አዩ።

“እሺ፣ እውነትህን ነው” አሉ በመጨረሻ። “ግን ሕፃን አዝሎ ጉድጓድ የሚወርድ ሰው የት አየህ?”

ጃተኒ ማዘያውን ፈታ። ዙሪያውን አየ። ዳኪ ፍየሏ ጋ ናት። ታልሶ የለችም። በአጠገቡ ያለው ጉዮ ብቻ ነው። ልጁን ከገመዱ በላይ ወደ እሱ አቀረበ።

“ያዝልኝ።”

ጉዮ ደነገጠ። “አባ! ዕቃ ያልፋል፣ ሰው አያልፍም። ይኼ የቱ ነው?”

“ሰው ነው እንጂ! ዓይን የለህም?” አሉ አባ ሊበን።

“እንግዲያው አያል…”

ቦሩ እሪ አለ። ጉዮም ሳያስበው ሁለት እጁን ዘረጋ። ሕፃን በአንድ እጅ አይያዝም።

ገመዱ መሬት ላይ ወደቀ።

“ማን አዘዘህ?” አሉ አባ ሊበን።

“ማንም አላዘዘኝም፣ አባ። ሕፃን ሲሰጡኝ ምን ላድርግ?”

አባ ሊበን ተነሱ። ከጃተኒ ኋላ ያለውን መንገድ እስከ ጥጉ አዩት። አቧራ አልነበረም።

“ግባ” አሉት።

አባ ሊበን አዘዙ፣ ገመዱ ጃተኒን አሳለፈ፣ ጃተኒ እርከኑ ላይ ቆመ፣ ዜማው ተነሳ፣ ባልዲውም ከእጅ ወደ እጅ ወጣ። ጉዮ ከላይ ሆኖ ያንኑ ዜማ እያንጎራጎረ ቦሩን ይወዘውዛል። ቦሩ ከመወለዱ በፊት ታልሶ ከገመዱ ወዲህ ቆማ ይህን ዜማ ታዜመው ነበር። ከጉድጓዱ ውስጥ ጃተኒ የልጁ ለቅሶ ሲቆም ሰማ። እጁ ባለበት ቀረ።

“ቅለብ እንጂ!” አሉት ከታች።

ቀለበ።

ባልዲው ገንዳውን ሞላ፣ ገንዳው ፍየሏን አጠጣ፣ ፍየሏ ለዳኪ ወተት ሰጠች፣ ቦሩም በአባቱ እቅፍ ጠጣ።

ገመዱን አባ ሊበን አልጣሉትም። መልሰውም አልዘረጉትም። ጠቅልለው ተቀመጡበት፤ ዓይናቸው አሁንም መንገዱ ላይ ነው።

ተረቷም ወተቷን ጠጥታ ተኛች። እናንተም ስትወጡ ቀስ በሉ፤ ልጁ እንዳይነቃ።