መከታ ከአልጋ ወረደ

ወገኖቼ፣ ዛሬ ስለ አንድ አልጋ ልነግራችሁ ነው።

አንዲት እናት ነበሩ። ቤታቸው ደብረ ብርሃን ነው፤ የዚያን አገር ብርድ የቀመሳችሁ ታውቁታላችሁ። ልጅ አሳድገው የዳሩ፣ ጠዋትና ማታ ጸሎታቸውን የማያስታጉሉ፣ ሰፈሩ የሚያከብራቸው ሴት ናቸው። እኚህ እናት በገዛ አልጋቸው ላይ ቦታ አጥተው ጀርባቸውን ሲበርዳቸው ያድሩ ነበር። ቦታቸውን የወሰደባቸው ማን ነው? ውሻ።

ሳቃችሁ አይደል? ሳቁ፣ ግድ የለም። እኔም መጀመሪያ ስሰማ ስቄአለሁ። ጥቂት ቆይቼ ግን ራሴን አልጋው ላይ አገኘሁት።

ነገሩ የተጀመረው በአንድ ነሐሴ ነው። ወይዘሮ በለጥሻቸው ይባላሉ። ባለቤታቸው አቶ ዘውገ ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና ነድተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። አንድ ቀን በረዶ ሲወርድ አቶ ዘውገ ቱቦ ውስጥ የሚንቀጠቀጥ ቡችላ አገኙና በካፖርታቸው ሸፍነው ይዘውት መጡ። አድጎ ግቢ ይጠብቃል ብለው መከታ የሚል ስም አወጡለት። ለዛሬ ብቻ ቤት ውስጥ ይደር አሉ። በዚያ በረዶ ማን ጨክኖ እንቢ ይላል?

የዛሬ ብቻው ቡችላ የመጀመሪያውን ቀን በር ሥር ጆንያ ላይ ተኛ። በሳምንቱ ጆንያው ሳሎን መሃል ገባ። መስከረም ሲጠባ አልጋው አጠገብ ምንጣፉ ላይ ነበር። ለመስቀል ግርጌ ወጣ። ለገና ከትራሱ ጎን ተጋድሞ ነበር። አልጋ ላይ ይተኛ ብሎ የወሰነ ሰው አለ? ማንም አልወሰነም። ውረድ ያለውም ሰው የለም።

ሁለት ዓመት አለፈ። መከታ ጥጃ አከለ። አቶ ዘውገ የአልጋው ጠርዝ ላይ ታጥፈው ይተኛሉ። ሊገላበጡ ሲሉ መከታ ያጉረመርምባቸዋል፤ እሳቸውም እንዳጠፋ ሰው ቀስ ብለው ወደ ጠርዛቸው ይመለሳሉ። ወይዘሮ በለጥሻቸው ጠዋት ጠዋት ከብርድ ልብሱ ላይ ጸጉር ሲለቅሙ ያረፍዳሉ። እንግዳ ሲመጣ ቶሎ ብለው የመኝታ ቤቱን በር ይዘጋሉ። አያችሁ፣ ማፈሩን ያፍሩ ነበር። ውሻው ግን እዚያው ነው።

ከዚያ በኋላ በመጣው ኅዳር ስልክ ተደወለ። የደወለችው አዲስ አበባ የተዳረችው አንድ ልጃቸው ምንታምር ናት። ከተዳረች ስድስት ዓመቷ ነው፤ ስድስት ዓመት እናትየዋ ሲሳሉላት ኖረዋል። አሁን አርግዛ ስድስት ወር አልፏታል። እንደ ወጉ የመጀመሪያ ልጇን ይዛ የአራስነቷን ጊዜ እናቷ ቤት ልታሳልፍ ነው፤ እናትም አልጋቸውን ለአራሷ ሊለቁ ነው። ወይዘሮ በለጥሻቸው ልጃቸው ገና እመጣለሁ ሳትላቸው ቅቤውን አንጥረው፣ የገንፎውን ገብስ ፈትገው፣ አዲስ አጎበር ገዝተው አስቀምጠዋል። ለእናት ከዚህ የሚበልጥ ክብር ምን አለ?

ምንታምር ስለ ክትትሏ፣ ስለ ባሏ ሥራ አወራች፣ አወራችና መጨረሻ ላይ ጠየቀች።

«እማዬ፣ መከታ አሁንም አልጋ ላይ ነው?»

ወይዘሮ በለጥሻቸው ስለ ቅቤው ማውራት ጀመሩ።

«እማዬ፣ ላስቀይምሽ ብዬ አይደለም። ግን ጨቅላ ይዤ ከውሻ ጋር አልተኛም። እስከ ጥር መጨረሻ ካልወረደ አራስነቴን እዚሁ አማቴ ጋ አደርጋለሁ። ክፍሉንም አዘጋጅተውልኛል።»

ስልኩ ተዘጋ። እኚያ እናት እዚያው በተቀመጡበት አለቀሱ። ስድስት ዓመት በእንባ የጠበቁትን የልጅ ልጅ ሌላ ሴት ልታቅፍባቸው ነው። ምክንያቱ ደግሞ አንድ በረዷማ ቀን ያዘኑለት ቡችላ ነው። እንባቸውን በነጠላቸው ጠረጉና ተነሡ። ዛሬውኑ ይወርዳል አሉ።

ማታ ከጸሎት በኋላ መከታን አወረዱት። ወጣ። አወረዱት። ወጣ። አወረዱት። በዚያ ማታ አሥራ አራት ጊዜ ወጣ፣ አሥራ አራት ጊዜ አወረዱት። አልመቱትም፤ አልተሳደቡም። ውረድ የምትል አንዲት ቃል ብቻ ነበረቻቸው። በሦስተኛው ቀን ሰባት ጊዜ ሆነ። በስድስተኛው ቀን መከታ እንደ ሰው በረጅሙ ተነፈሰና በር ሥር ሄዶ ተኛ። ወይዘሮ በለጥሻቸው በደስታ ለጎረቤት ሁሉ አወሩ።

በዘጠነኛው ቀን ውርጭ ጣለ። የባልዲው ውኃ ሳይቀር ረጋ። መከታ አልጋው ሥር ቆሞ አላቃሰ። ቆዳው ይንቀጠቀጥ ነበር። ወይዘሮ በለጥሻቸው ጆሯቸውን ቢሸፍኑ ልባቸው እንቢ አላቸው። ለዛሬ ብቻ አሉና ብርድ ልብሱን ገለጥ አደረጉለት።

ለዛሬ ብቻ። ይህቺን ቃል የት ነበር የሰማናት?

በማግስቱ ማታ ሲያወርዱት መከታ የትናንትናውን ሦስት እጥፍ አለቀሰ። ምን የተማረ ይመስላችኋል? አልጋው ክልክል መሆኑን ነው? አይደለም ወገኖቼ። ረጅም ሰዓት ካለቀስኩ ይከፈትልኛል የሚለውን ነው የተማረው። ስምንት ቀን ሙሉ የደከሙበት በአንድ ማታ ርኅራኄ ፈረሰ። ሳይጀምሩት ከነበረው ይልቅ አሁን ባሰ።

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ይተው ነበር። በቃ አይሆንልኝም፣ ተፈጥሮው ነው ይል ነበር። እኚህ ሴት ግን እንደገና ከአንድ ጀመሩ። ውርጭ ጣለም አልጣለም፣ አለቀሰም አላለቀሰም፣ ውረድ። ታኅሣሥ እየገፋ ሄደ። መከታ ግን አልተሸነፈም። ማታ ማታ አሁንም ይሞክራል። ከዚህ ሁሉ የገረማቸው ደግሞ ጠዋት አራግፈው ያነጠፉት ብርድ ልብስ ላይ ማታ ጸጉር ማግኘታቸው ነው። ዓይኔ ነው ወይስ አእምሮዬ እያሉ ራሳቸውን ይጠይቁ ጀመር።

አንድ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ገበያ ሊሄዱ ወጡ። መንገድ ላይ የቅቤ ዕቃውን መርሳታቸው ትዝ አላቸውና ተመለሱ። የመኝታ ቤቱን በር ገፋ ሲያደርጉ አቶ ዘውገ ጋቢያቸውን ተከናንበው አልጋው ላይ ተጋድመዋል። ከጋቢው ሥር አራት እግር ወጥቷል።

ለካ ሰውዬው በየቀኑ ምሳ በልተው ጋደም ሲሉ ና ይሉታል። ሚስታቸው ገበያ፣ ለቅሶ፣ እድር ሲሄዱ ና ይሉታል። ወይዘሮ በለጥሻቸው ማታ ማታ የሚያወርዱትን አቶ ዘውገ በየቀኑ ያወጡታል። አንድ ቤት፣ አንድ አልጋ፣ ሁለት ሕግ።

አቶ ዘውገ ተደናግጠው ቀና አሉ። ማታ ይከልከል፣ ቀን ለአንድ ሰዓት ምን አለበት አሉ። ወይዘሮ በለጥሻቸው በር ላይ እንደ ቆሙ መለሱላቸው።

«አንተ ዘውገ፣ እሱ ቀንና ማታ የሚለይ ይመስልሃል? አንተ በምሳ ሰዓት ትከፍታለህ፣ እኔ ማታ እዘጋለሁ። ለእሱ አልጋው አልተከለከለም። በለጥሻቸው ክፉ ሆነችበት እንጂ። እኔ ከእሱ ጋር ሳይሆን ካንተ ጋር ነው ስታገል የከረምኩት።»

አቶ ዘውገ አቀርቅረው የውሻውን ጆሮ ሲያሹ ቆዩ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ተናገሩ።

«በለጡ፣ መኪናዋን ካስረከብኩ ወዲህ ና ስለው የሚመጣልኝ እሱ ብቻ ነው።»

ሊቆጡ የተዘጋጁት ወይዘሮ በለጥሻቸው አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አሉ። ብቸኛ ሰው አብሯቸው እንደሚኖር አላወቁም ነበር። አዘኑላቸው። ግን ልብ በሉ፣ ሐሳባቸውን አልለወጡም። እዘንለት፣ ውደደው፣ አብረኸው ዋል፤ አልጋው ግን የምንታምር ነው፣ የሚያወርደውም አውጪው ነው ብለው ጨረሱ።

አቶ ዘውገ ያን ቀን ከሰዓት ዕቃ ቤት ገቡ። ከድሮ መኪናቸው ማስታወሻ ብለው ያስቀሩት የሾፌር ወንበር ነበር። ትራሱን ነቅለው፣ አራግፈው፣ ከመኝታ ቤቱ በር አጠገብ አነጠፉት። ከምሳ በኋላ አልጋቸው ላይ መጋደሙን ትተው ከትራሱ ጎን በርጩማ ላይ ይቀመጡ ጀመር። መከታ ግን አላመናቸውም። አልጋው ላይ ዘሎ ይወጣና ዓይን ዓይናቸውን ያያል። እሳቸውም እየተነሡ ውረድ ይሉታል። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ድምፃቸው ይሰበር ነበር። ወይዘሮ በለጥሻቸው ከጓዳ ሆነው ይሰማሉ፤ አይገቡባቸውም። ገናም አለፈ፣ ሌላ ውርጭም ጣለ። ሁለቱም አንድ ቃል ነበራቸው። በጥምቀት እንግዳ ሲመጣ፣ ከሁለት ዓመት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የመኝታ ቤቱ በር ወለል ብሎ ተከፈተ።

ጥር ሊያልቅ ሦስት ቀን ሲቀረው ምንታምር ሻንጣዋን ይዛ መጣች። ገብታ አባትና እናቷን ሳመችና ቀጥታ ወደ መኝታ ቤቱ አየች። አዲሱ አጎበር ተሰቅሏል። መከታ ከትራሱ ተነሥቶ ጅራቱን እየቆላ ወደ እሷ መጣ። አሽትቷት ሲያበቃ ግን ዞረና ወደ አልጋው ሄደ። ሁለት የፊት እግሮቹን ፍራሹ ላይ አሳረፈ።

ምንታምር ሻንጣውን መሬት አላስቀመጠችም። መከታ ዞሮ ያየው ወይዘሮ በለጥሻቸውን አልነበረም። አቶ ዘውገን ነው ያየው።

«ውረድ ልጄ» አሉት አቶ ዘውገ።

አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያሉት። ውሻው እግሩን አወረደ። ሄዶ የመኪናው ትራስ ላይ ተኛ። ያኔ ምንታምር ሻንጣዋን አስቀመጠች።

የካቲት ላይ ሴት ልጅ ወለደች። ጎረቤቱ እንኳን ማርያም ማረችሽ ሊል ሲመጣ፣ መከታ የአራሷ በር ላይ ተጋድሞ የማያውቀው ሰው ሲጠጋ ያጉረመርማል። ያው የድሮው ማጉረምረም ነው። ድሮ አልጋው ላይ ሆኖ የቤቱን ጌታ ያስፈራራበት ነበር። ዛሬ በር ላይ ሆኖ ሕፃኗን ይጠብቅበታል። ስሙ መከታ አልነበር? ስሙን ያገኘው ከአልጋው ሲወርድ ነው።

ወገኖቼ፣ አሁን የእናንተን በር ልግፋው።

የእናንተ አልጋ ላይ ማን ተኝቷል? በአንድ በረዷማ ቀን፣ በከፋችሁ ሰዓት፣ ለዛሬ ብቻ ብላችሁ ያስገባችሁት ማን ነው? አንዱ ቂም ነው ያስገባው፤ ተበድሎ ነበር፣ እውነቱን ነው። አንዱ ኀዘን ማስረሻ ብሎ መጠጥ ጀመረ። አንዷ ስልኳን ትራሷ ሥር አድርጋ ባሏን ጠርዝ ላይ አስተኝታዋለች። እንግዳ ሲመጣ በሩን ትዘጋላችሁ። ማፈሩን ታፍራላችሁ። ታዲያ እስከ መቼ?

አውርጄው ነበር ትሉኛላችሁ። አውቃለሁ። ስምንት ቀን አውርዳችሁት ነበር፤ በዘጠነኛው ቀን ምን አላችሁት?

ደግሞ እዚያ ቤት የሚያወርደውና የሚያወጣው ሁለት ሰዎች ነበሩ። እኛ ዘንድ እኮ ሁለቱም አንድ ሰው ነው። እሑድ ጠዋት ውረድ የሚለው አፍ ሰኞ ከምሳ በኋላ ና ይላል። ከዚያ ጸለይኩ አልተሰማልኝም እንላለን። በየቀኑ የምትጠሩትን ነገር ማን ያውርድላችሁ?

ቁጣችሁን ግደሉት አላልኳችሁም። ወይዘሮ በለጥሻቸው ውሻውን ከቤት አላባረሩትም። ቁጣም በር ላይ ሲሆን ቤት ይጠብቃል፤ ለተበደለ ይጮኻል። አልጋ ላይ ሲወጣ ግን የሚያጉረመርመው በሚስታችሁና በልጆቻችሁ ላይ ነው። ቦታውን አሳዩት። ያወጣችሁት በገዛ እጃችሁ ነው፤ አውርዱት በገዛ እጃችሁ። ከወጣ ደግማችሁ አውርዱት። አሥራ አራት ጊዜ ከወጣ አሥራ አራት ጊዜ አውርዱት።

ስድስት ዓመት፣ አሥር ዓመት በእንባ የለመናችሁት ነገር አለ። ምናልባት ሻንጣውን ይዞ በራችሁ ላይ ቆሟል። ሻንጣውን ግን መሬት አላስቀመጠም፤ ወደ አልጋችሁ እያየ ነው።