በቁራኛ የተያዘው የጦር አዝማች

አንድ ሰው ነበረ፤ የንጉሥ ወንድም። አንተ ሽመክት፣ «አክስቴ፣ ወረዳው ላይ ከተሾምኩ ጀምሮ ቀን ከሌት እሮጣለሁ፤ ሕዝቡ ግን ያማርረኛል፤ ምን አጎደልኩ?» አልከኝ አይደል? እንግዲያው ጆሮህን ስጠኝ።

ይህ ሰው በጦር ሜዳ እሳት ነበር። አንድ ቦታ ሁለት ሌሊት አያድርም፤ ጠላት «እዚህ ነው» ሲል እሱ እዚያ ነው። ኋላ አገር ሰላም ሆነና ንጉሡ «በል፣ ያቀናኸውን አገር አንተው አስተዳድር፤ ፍርድ ስጥ» ብሎ ሾመው። መሾሙንስ ተሾመ፤ መቀመጥ ግን ከየት ይምጣ? ወንበር ላይ ሲሰየም እግሩን ይበላዋል። ባለጉዳይ «ጌታዬ ሆይ» ብሎ ሳይጨርስ ድንኳኑ ይነቀላል። ዛሬ ድልድይ ልይ፣ ነገ ምሽግ ልይ። ሩጫው እውነት ነው፣ ሥራ ነው። በልቡ ግን የተቀመጠ ቀን የሚሞት ይመስለው ነበር።

ከኋላው ደግሞ ከሳሽና ተከሳሽ ይከተሉታል። በዚያ ዘመን ሁለት ባላጋራዎች ፍርድ እስኪያገኙ ድረስ ኩታቸው ጫፍ ለጫፍ ተቋጥሮ ነው የሚሄዱት፤ ቁራኛ ይባላል። አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ማሳዋን ከቀማት ከባሏ ወንድም ጋር ተቆራኝታ ከሰፈር ሰፈር ስትከተለው ከረመች። አብረው ከመክረማቸው ብዛት እሱ ሲያስነጥሰው እሷ «ይማርህ» ትለው ጀመር። ማሳው ግን ጦም አደረ። አንድ ሰኔ አለፈ፤ ሁለተኛው ደረሰ። ይህም ካለፈ ልጆቿ የሚቀምሱት የለም።

አንድ ጠዋት ጌታው እግሩን እርካብ ላይ ሲያደርግ ሴትዮዋ ቋጠሮዋን ከባላጋራዋ ፈታች፤ የጌታውን ኩታ ጫፍ ያዘችና ከራሷ ኩታ ጋር ቋጠረችው።

«በንጉሥ አምላክ፣ ቁራኛዬ ነዎት» አለች።

አሽከሮቹ ጅራፍ አነሡ። ጌታው በእጁ ከለከላቸው። በንጉሥ ስም የተቋጠረውን የበጠሰ ንጉሡን ናቀ ማለት ነው፤ ንጉሡ ደግሞ ወንድሙ ነው።

«በምን ከሰስሽኝ?»

«በመሸሽ፣ ጌታዬ።»

«እኔ? ጀርባዬን ያየ ጠላት የለም።»

«ጠላትስ አላየም። እኔ ግን ሁለት ሰኔ ያየሁት እሱኑ ነው።»

የባሏ ወንድም ሳያስበው «እውነቷን ነው» አለ።

ጌታው እግሩን ከእርካቡ አወረደና እዚያው ሣሩ ላይ ተቀመጠ። ሁለት ጊዜ ሊነሣ ቃጣው፤ ሁለቱንም ጊዜ ቋጠሮው ጎትቶ አስቀመጠው። ፀሐይ አናት ላይ እስክትቆም ሰማ፣ ምስክር ጠየቀ፣ ማሳውን ለእሷ ፈረደ። ቋጠሮውንም ራሱ አልነካውም፤ እሷ እስክትፈታው ጠበቀ።

እንግዲህ ልጄ፣ ያ ጌታ አንተ ነህ። ስብሰባውም፣ ጉብኝቱም፣ ምርቃቱም እውነት ነው፤ ሰነፍ ያለህ የለም። ሰው የሚያማርርህ ፊትህን ፈልጎ ሲመጣ ጀርባህን ስለሚያገኝ ነው። ደግሞ ዛሬ ኩታህን የሚቋጥር የለም፤ ራስህን በራስህ ካልያዝክ ማን ይይዝሃል? አሁን ስገባ አንዲት ሴትዮ ደጅህ ላይ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ስታሽ አይቻለሁ። ተነሥና ጥራት። የለም፣ የለም፣ አንተ ተቀመጥ፤ እኔ እጠራታለሁ።