ቢያድግልኝና የሰው ፊት

፦ «ተረት ተረት!»

፦ «እንስማው በእውነት!»

፦ «አልሰማኋችሁም። ከወዲያ ጥግ ያላችሁት፣ ጠጋ በሉ እንጂ። ተረት ተረት!»

፦ «እንስማው በእውነት!»

እህ፣ አሁን ሆነ። በድሮ ዘመን፣ ከገደል አፋፍ ላይ በተቀመጠች አንዲት መንደር፣ ቢያድግልኝ የሚባል ንብ አናቢ ነበር። ከንብ ጋራ መዋል ያውቅበታል። እጁን ቀፎ ውስጥ ከቶ ማር ሲቆርጥ ንቦቹ ዝም ይሉት ነበር። ከሰው ጋራ መዋል ግን አይሆንለትም። ሰው ፊት ሲቆም ጉልበቱ ይከዳዋል፣ ምላሱም ይተሳሰራል።

ነገሩ የጀመረው በታናሽ ወንድሙ ሰርግ ነው። ታላቅ ነህና ተነስተህ ሙሽሮቹን መርቅ አሉት። ተነሳ። ዳሱ ሙሉ ሰው አፍጥጦ አየው። ደነገጠና «እንኳን ደስ አላችሁ» ሊል «እግዜር ያጥናችሁ» ብሏቸው ቁጭ አለ። ልቅሶ ላይ የሚባለውን በሰርግ! ዳሱ በሳቅ ተናጋ። ሙሽራዋ ሳትቀር ኩታዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። ሰዉ ስቆ ስቆ ወደ ጠላው ተመለሰ። ቢያድግልኝ ግን ከዚያ ሳቅ ሳይወጣ ዐሥር ዓመት ኖረ።

ከዚያ ወዲያ ሁለት ሰው ቆሞ ሲስቅ ካየ «በኔ ነው» ይላል። ሰው ዝም ካለው «ተቀይሞኝ ነው» ይላል። ና ብላ ካሉት «አዝነውልኝ ነው» ይላል። ሳይጠሩት የቀሩ እንደሆነ ደግሞ «ንቀውኝ ነው» ይላል። ማሩን ለጎረቤት የምታደርሰው ሚስቱ እናኑ ናት። እሱ የሰው መንገድ ትቶ በገደሉ ጥግ ጥግ ይሄድ ነበር።

አንድ ቀን፣ ወሩ ጥር ነው፣ ቢያድግልኝ ዋርካ ላይ ወጥቶ ቀፎ ይሰቅላል። ከታች የአያ ጓንጉል አውድማ ይታየዋል። የጤፉ ክምር ገና አልተወቃም። የጓንጉል ሚስት ውዴ ከጎረቤት እሳት ጭራ፣ ፍሙን በገል ይዛ፣ በክምሩ አጠገብ ወደ ቤቷ ታልፋለች። ነፋስ መጣ። ከገሉ ላይ አንዲት ፍም ብር ብላ ክምሩ ሥር ወደቀች። ውዴ አላየችም፣ አልፋ ገባች። ወዲያው ጢስ ተነሳ።

ቢያድግልኝ ከላይ ሆኖ ፦ «እሳት! እሳት!» ብሎ ጮኸ። ከዛፉ ተንሸራቶ ወረደና ሮጠ። መንደሩም እሳቱን ሊያጠፋበት ቅጠል እየቆረጠ ወጣ። ግን ደረቅ ጤፍ ነውና ምን ይጠብቃል? የዓመቱ እህል ዓይናቸው እያየ ዐመድ ሆነ። ሰዉ ሲበዛ ቢያድግልኝ ሹልክ ብሎ ወደ ቤቱ ሄደ።

አመሻሹ ላይ ወሬው ደረሰው። ዘርፌን ያዟት! ዘርፌ ባሏ የሞተባት፣ አንዲት ልጅ ይዛ የምትኖር ሴት ናት። ከእሳቱ አንድ ቀን ቀደም ብሎ የጓንጉል በሬ ሽንብራዋን በልቶባት፣ ተናዳ ፦ «ክምርህን እሳት ይብላው!» ብላ ረግማው ነበር። ሰዉ ሁሉ ሰምቷል። እንግዲህ ሌላ ማን ይጠረጠር? ነገ ጠዋት ሸንጎ ልትቀርብ ነው። ከተፈረደባትም መሬቷን ለጓንጉል ለቃ፣ ልጇን ይዛ ከአገር ልትወጣ ነው።

ቢያድግልኝ ያየውን ለእናኑ ነገራት። እናኑም ፦ «ታዲያ ነገ ሄደህ መስክር እንጂ!» አለችው።

፦ «እኔ? ሸንጎ ፊት? አፌን ስከፍት ይስቁብኛል። ደግሞም ዘርፌ ራሷ ንቃኛለች። እሑድ ለት ከቤተስኪያን ስንወጣ ሰላም ሳትለኝ ነው ያለፈችው።»

፦ «ምነው ብለህ ጠየቅሃት?»

፦ «ምኑን ልጠይቃት? ፊቷ ነገረኝ።»

፦ «ምን ብሎ? እስቲ ቃሉን ንገረኝ።»

ቢያድግልኝ አሰበ። ቃሉን ፈለገው፣ አጣው። ዘርፌ ምንም አላለችም። ያለውን ሁሉ ያለው እሱ ራሱ ነው።

ከዚያም ሲገላበጥ አድሮ፣ ሲነጋጋ ተነስቶ ነጠላውን አጣፋ። «እሄዳለሁ» አለ። በገደሉ ጥግም አልሄደም፣ በሰው መንገድ ሄደ።

ሸንጎው ከተሰበሰበበት ዛፍ ሥር ሲደርስ ዘርፌ ለብቻዋ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ አገኛት። ሊያልፋት ነበር። ቆመ። በዐሥር ዓመት ውስጥ ጠይቆ የማያውቀውን ጠየቀ።

፦ «እቴ ዘርፌ፣ እሑድ ለት ምነው ሰላም ሳትዪኝ አለፍሽ?»

ዘርፌ ቀና ብላ አየችው። ፦ «እሑድ? አንተን አላየሁህም እኮ። ልጄ በትኩሳት ነዳ ቤት ጥያት ነበር የወጣሁት። እግሬ ይሂድ እንጂ ልቤ እሷ ዘንድ ነበር።» ከዚያም ፦ «እኔማ የምትጠላኝ አንተ ነህ ብዬ ነበር» አለችው።

፦ «እኔ? ለምን ብዬ?»

፦ «ባሌ የሞተ ጊዜ ልቅሶ መጥተህ፣ እግዜር ያጥናሽ እንኳ ሳትለኝ ነው ብድግ ብለህ የሄድከው። ይኸው ሦስት ዓመት ሆዴ ውስጥ አለ።»

ቢያድግልኝ ፊቱ በርበሬ መሰለ። ፦ «ተሳስቼ እንኳን ደስ አለሽ እንዳልል ፈርቼ ነው» አላት።

ዘርፌ በዚያች ክፉ ጠዋት፣ በዚያ ሁሉ ጭንቋ ላይ፣ ሳቀች። እሱም ሳቋን አየና ለአንድ ጊዜ ያህል አልፈራውም።

ሸንጎው ተጀመረ። ጭቃ ሹም ደባሱ ዳኛ ሆነው መሃል ተቀመጡ። ጓንጉል ቆሞ ከሰሰ። ዘርፌም ፦ «ረግሜዋለሁ፣ አልዋሽም። እሳት ግን አልለኮስኩም» አለች። ዳኛውም ፦ «ያየ ሰው አለ?» ብለው ጠየቁ።

ቢያድግልኝ ተነሳ። ዳኛው ግንባራቸውን ቋጥረው፣ ዓይናቸውን አጥብበው አዩት። «ይኸው ተቆጡ» አለ በልቡ። ከኋላ ሁለት ሰዎች አንገት ላንገት ተጠጋግተው ይስቃሉ። «ይኸው ሳቁብኝ» አለ። ሊቀመጥ ወገቡን እጥፍ አደረገ። ከዚያም ዘርፌን አየና እንደገና ቀጥ አለ።

፦ «ጌታዬ፣ ግንባርዎን የቋጠሩት በኔ ተቆጥተው ነው?»

ዳኛው ተገረሙ። ፦ «ምን ያስቆጣኛል? ትናንት እሳቱን ስናጠፋ ጢሱ ዓይኔን ልጦኝ ነው። በል ተናገር።»

ቢያድግልኝ ወደ ኋላ ዞረ። ፦ «እናንተስ በምን ነው የምትስቁ?»

ከሁለቱ አንደኛው፣ ዐይን አውጣ ነበርና፣ ፦ «ባንተ ነዋ! የሰርጉ ምርቃትህ ትዝ ብሎን ነው!» አለ። ሸንጎው ሁሉ ገንፍሎ ሳቀ።

አያችሁ? የፈራው ነገር እውነት ሆነ። መሬት አልተሰነጠቀም። ቢያድግልኝ እዚያው ቆሟል፣ እግሩም ከሥሩ አለ። ላቡ በጀርባው እየወረደ ፦ «እሺ፣ ሳቁ። ስትጨርሱ እናገራለሁ» አለ። እጁን አጣምሮም ጠበቃቸው። ሳቁ እየሳሳ እየሳሳ ሄደ። ከዚያም ጸጥ አለ።

፦ «ዋርካው ላይ ቀፎ ስሰቅል ነበር። ውዴ እሳት ጭራ በገል ይዛ በክምሩ አጠገብ አለፈች። ነፋስ ከገሉ ላይ ፍም አንስቶ ጣለው። እሷ አላየችም፣ ጥፋት የላትም። ዘርፌ በዚያ አልደረሰችም። ያየሁት ይኸው ነው።»

ጓንጉል ፦ «ሚስቴን ነው? ሚስቴን በሸንጎ?» ብሎ ዱላውን መሬት ላይ ደቃ። ሌላው ሰው ጭጭ አለ። ቢያድግልኝ የዚያ ዝምታ ትርጉሙ ምን እንደሆነ አላወቀም። አላውቅም ብሎም ተወው። አልተቀመጠም።

ያን ጊዜ ውዴ ከሴቶቹ መሃል ተነሳች። እንባዋ ይወርዳል። ፦ «እውነቱን ነው» አለች። «ቤት ስገባ ፍሙ ጎድሎ አየሁ። ከዚያ ጩኸቱን ሰማሁ። ሰው ምን ይለኛል ብዬ አፌን ያዝኩ። ዘርፌ፣ እግርሽ ሥር ነኝ።»

ዳኛው ዘርፌን ነጻ አሏት። ለነፋስ ካሳ የሚከፍል የለምና፣ ጓንጉል እንዳይራብ እያንዳንዱ ቤት ከክምሩ ሁለት ሁለት ነዶ እንዲያመጣለት አዘዙ። የመጀመሪያውን ነዶ ተሸክማ የመጣችው ዘርፌ ናት። አፏ ላመጣው እርግማን ይቅርታ ጠይቃ አስረከበችው።

ቢያድግልኝ ቤቱ ሲገባ እናኑ ደጃፍ ላይ ጠበቀችው። ፦ «እህስ፣ ምን አሉህ?»

፦ «ሳቁብኝ።»

፦ «ከዚያስ?»

፦ «ከዚያማ ጨረሱ። እኔም ተናገርኩ። በይ የሚበላ ስጪኝ፣ ርቦኛል።»

ከዚያ በኋላ ፍርሃቱ ለቀቀው ወይ ብትሉኝ፣ አለቀቀውም። ሰው ፊት ሲቆም ያው ጉልበቱ ይንቀጠቀጣል። ግን የሰው ፊት ሲከፋበት በልቡ ከመፍረዱ በፊት ሄዶ ይጠይቅ ጀመር።

ጓንጉል ሰላምታ ነሳው። ሳምንት ሆነ፣ ሁለት ሳምንት ሆነ። ቢያድግልኝ በመንገድ ጠብቆ አቆመው።

፦ «አያ ጓንጉል፣ ተቀይመኸኛል እንዴ?»

፦ «አዎ፣ ተቀይሜሃለሁ!» አለ ጓንጉል። ይሄኛው እውነት ነበር።

፦ «እስከ መቼ?»

ጓንጉልን እንዲህ ብሎ የጠየቀው ሰው የለም። ዱላውን ተደግፎ ብዙ አሰበ። ፦ «እስከ መስከረም» አለ።

፦ «እሺ፣ እስከ መስከረም» አለ ቢያድግልኝ። መንገዱንም ቀጠለ።

መስከረም ጠባ። ዝናቡ አባራ። ጓንጉልም በቢያድግልኝ ደጅ መጥቶ ቆመና ፦ «እንዴት ከረማችሁ?» አለ።

ተረቴ አለቀ፣ ጉሮሮዬ ደረቀ። በሉ ቂጣውን ቁረሱ፣ ቅቤውን አልብሱ፣ አያታችሁን አጉርሱ።