ዕዳ የፈራው ባለወፍጮ

ዕዳን እንደ እባብ የሚፈራ አንድ ባለወፍጮ ነበር። ስሙ ይመር ይባላል። በወሎ ካሉት ትንንሽ ከተሞች በአንዷ፣ ከገበያው በላይ ባለው ዳገት ላይ፣ ሰፊ የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ወፍጮ ቤት ነበረው። ይመር ከሱቅ ጨው እንኳ ሲገዛ ገንዘቡን ሳያስቀድም እጁን አይዘረጋም። «ተበድሮ ጠግቦ ከማደር ሳይበደሩ ጦም ማደር ይሻላል» ይላል።

ይህ ፍርሃት እንዲያው የመጣበት አልነበረም። ወጣት ሳለ አባቱ ተበድረው መክፈል አቃታቸው። አበዳሪው መጥቶ የእርሻ በሬያቸውን ከበረት ፈትቶ እየነዳ ሲሄድ ይመር በዓይኑ አይቷል። አባቱ ከዚያ ወዲያ ቀና ብለው አልሄዱም።

ወፍጮው የሚዞረው በናፍጣ ሞተር ነው፤ የከተማዋ መብራት መጣሁ ሲል የሚጠፋ ስለሆነ አያዛልቅም። ሞተሩ ሲነሳ ግቢው ሁሉ ይንቀጠቀጣል። ጭሱም ነፋሱ ወዴትም ይንፈስ ወዴት መጨረሻው ጎረቤት ግቢ ነው። እዚያ ያለው የአረጋውያን መጦሪያ ነው። አዛውንቶቹ ከትልቁ ሾላ ሥር ተቀምጠው ሲጫወቱ፣ ከሞተሩ ጩኸት የተነሳ ግማሹን ወሬ በግምት ይጨርሱታል።

ከጊዜ በኋላ ናፍጣ ተወደደ፤ ቀጥሎም ጠፋ። ይመር ጀሪካኑን ይዞ ማደያ ሲሰለፍ ይውላል፣ ባዶውን ሲመለስ ከጥቁር ገበያ በእጥፍ ይገዛል። የማስፈጫ ዋጋ ቢጨምር ደንበኛ ይሸሸዋል፤ ባይጨምር ናፍጣው ይበላዋል። ሴቶቹ እህላቸውን በአህያ ጭነው ደጁን እያለፉ ወደ ሌላ ከተማ ሲወርዱ እያየ አንገቱን ይደፋ ጀመር።

አንድ ጠዋት የመጦሪያው ኃላፊ ወይዘሮ የሺመቤት ነጠላቸውን እንኳ በወጉ ሳይለብሱ መጡ።

«አቶ ይመር፣ የአባ ሞላን የስኳር መድኃኒት ደፋነው። መብራት ጠፍቶ ማቀዝቀዣው ሞቆ ተበላሸብን። እሳቸው ሐኪም ቤት ናቸው።»

ይመር ደነገጠ። አባ ሞላ ሁልጊዜ በአጥር አሻግረው የሚቀልዱበት ወዳጁ ናቸው። «ደህና ናቸው?»

«ተርፈዋል፣ ፈጣሪ ይመስገን። ግን ሌላ ጊዜስ? ሶላር ላስገባ ብዬ ነበር፤ ጣሪያችንን ሾላው ጋርዶታል። ሾላውን ልቁረጥ ብል ደግሞ አዛውንቶቹ እኔን ይቆርጡኛል! የእርስዎ ጣሪያ ግን ፀሐይ ሲመታው ነው የሚውለው። የቁጠባና ብድር ማኅበሩ ለሁለታችንም ሊያበድረን ፈቅዷል። ቀን እርስዎ ይፍጩበት፣ የተረፈው በባትሪ ተጠራቅሞ ለእኛ ይሁን፤ ክፍያውንም እንደ አጠቃቀማችን እንካፈል።»

ይመር «ብድር» የሚለውን ቃል ሲሰማ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። «ጣሪያውን በነፃ ውሰዱት። ብድሩን ግን ከደጄ አርቁልኝ።»

«ባዶ ጣሪያ ምን ያደርግልናል? ብቻችንን አንችለውማ!» ብለው ወይዘሮ የሺመቤት አዝነው ሄዱ።

በማግስቱ የማኅበሩ ሥራ አስኪያጅ ዘሐራ መጣች። ልጅ ሳለች እህል ተሸክማ እዚሁ ወፍጮ ቤት ትመላለስ ነበርና ይመር ያውቃታል።

«ጋሼ ይመር፣ ለናፍጣ በየወሩ ይከፍላሉ አይደል?»

«እከፍላለሁ እንጂ! ደሜን ነው የምከፍለው።»

«መቼ ከፍለው ይጨርሳሉ?»

ይመር ሳቀባት። «አንቺ ልጅ፣ ናፍጣ ተከፍሎ ያልቃል እንዴ? ወፍጮው እስከዞረ ድረስ ይከፈላል።»

«እንግዲያው የማያልቅ ዕዳ ተሸክመዋል። እኔ ይዤልዎት የመጣሁት የሚያልቅ ነው።»

ይመር ሳቁን ዋጠ። «እሺ፣ ብሞትስ?»

«ብድሩ በጣሪያው ላይ ነው እንጂ በእርስዎ አንገት ላይ አይደለም። ወፍጮ ቤቱን ቢሸጡት ወይም ቢያወርሱት፣ የተረከበው ሰው ሶላሩንም ቀሪውን ክፍያም አብሮ ይረከባል። መያዣውም ዕቃው ራሱ ነው፤ ሌላ ንብረትዎን አንነካም። ደግሞ አልዋሽዎትም፣ ክረምት ላይ ደመና ሲጥል ወፍጮው ይደክማል። ስለዚህ የክረምቱን ክፍያ ቀነስ፣ የበጋውን ጨመር እናደርጋለን።»

ይመር ራሱን ነቀነቀ። የአባቱን ነገር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገራት። ዘሐራ ሳታቋርጠው ሰማችና፣ «አባትዎ የተበደሩት ለምን ነበር?» ስትል ጠየቀችው።

ይህን ጥያቄ እስከዚያ ቀን ድረስ የጠየቀው ሰው አልነበረም።

«ለሠርግ» አለ። ከዚያም፣ «ለእኔ ሠርግ» ሲል ጨመረ።

አበዳሪውን ዕድሜ ልኩን ሲረግም ኖሯል፤ ገንዘቡ የገባበትን ግን አስቦት አያውቅም። አባቱ ልጃቸውን ከሰው እኩል ሊያደርጉ አገር ጠርተው ደገሱ። እንግዳው በልቶ መርቆ ሄደ። ድንኳኑ ሲነሳ እህል የሚያመርት፣ ወተት የሚሰጥ፣ ገበያ የሚወጣ ምንም ነገር አልቀረም። በሬው የተነዳው አባቱ ስለተበደሩ ብቻ አልነበረም፤ የተበደሩት ገንዘብ ተበልቶ ስላለቀ ነው።

ከሰዓት በኋላ ይመር ሐኪም ቤት ሄዶ አባ ሞላን ጠየቃቸው። ሽማግሌው ከስተዋል፤ ሲያዩት ግን ዓይናቸው በራ። «መጣህ? ጭስህ ናፍቆኝ ልሞት ነበር እኮ!» አሉት። ይመር ሊስቅ ብሎ እንባው ቀደመው። ከዚያ ወጥቶ በቀጥታ ወደ ዘሐራ ቢሮ አመራ።

ሶላሩ ጣሪያው ላይ ተደርድሮ ያለቀ ዕለት የከተማው ሰው ለመመልከት ወጣ። ይመር ማብሪያውን ሲጫን ወፍጮው ያለ ጩኸት መዞር ጀመረ። «ተበላሸ መሰለኝ» አለች አንዲት ሴት፤ ዱቄቱ ሲወርድ ግን እልል አለች። የባሰው ጉድ ከሾላው ሥር ነበር። አዛውንቶቹ ከስንት ዓመት በኋላ መደማመጥ ሲጀምሩ፣ አንዱ ስለሌላው ሲያወራ የኖረው ሁሉ ጥርት ብሎ ተሰማ። ያን ሰሞን ወይዘሮ የሺመቤት ሥራቸው ማስታረቅ ሆነ።

ክረምቱ ግን ቀላል አልነበረም። ሰማዩ ጨልሞ ሲሰነብት ወፍጮው እያነከሰ ይፈጭ ነበር። «ፀሐይህ አሞታል እንዴ?» እያሉ የቀለዱበት አልጠፉም፤ ይመርም እንቅልፍ አጥቶ ነበር። አንድ ወር ድርሻው ሲጎድልበት መጦሪያው ከጋዝና ከሻማ ካተረፈው ሞላለት። በጋ ሲመጣና ደንበኛው ሲመለስ ይመር የመጦሪያውን እህል በነፃ እየፈጨ ውለታውን መለሰ። አባ ሞላም መድኃኒታቸው ሳይሞቅባቸው፣ በአጥር አሻግረው መቀለዳቸውን ቀጠሉ።

ከዓመታት በኋላ ይመር አርጅቶ ወፍጮ ቤቱን ለልጁ ለከድጃ አስረከባት። የመጨረሻውን ክፍያ የከፈለችው እሷ ናት። ከዚያ ወዲያ ከፀሐይ የሚገኘው ሁሉ ትርፍ ሆነ። የማስፈጫውንም ዋጋ ቀነሰች፤ የሸሹት አህዮች ዳገቱን ተመልሰው ወጡ።

እንግዲህ ይህን የሰማ ሰው ይህን ያስተውል፦ ዕዳ ሁሉ አንድ አይደለም። ተበልቶ የሚያልፍ ነገር የተገዛበት ዕዳ ባለቤቱን ይበላል፤ ሠርቶ የሚያስገባ ነገር የተገዛበት ዕዳ ግን ራሱን ከፍሎ ይሰናበታል። ብቻውን የሚከብደውም ሸክም ጎረቤት ሲይዝለት ይቀልላል። ሳይመረምሩ መበደር ሞኝነት ነው፤ ሳይመረምሩ መፍራትም እንዲሁ።

ለመሆኑ እርስዎ «ዕዳ የለብኝም» እያሉ በየወሩ የሚከፍሉት፣ ተከፍሎም የማያልቀው ነገር ምንድን ነው?